አባቴ «ኢዝ» አይባሉም

ባለፈው ጥቅምት ሰቆጣ እህቴ ቤት ሰንብቼ ነበር። ከቁም ሳጥኑ አናት ላይ የተረሳ አሮጌ ራዲዮ አገኘሁና ልጠግነው ብዬ የኋላ ክዳኑን ከፈትኩት። ባትሪዎቹ እዚያው ፈንድተው ጥቁር ዱቄታቸው ረጥቦ ተጋግሯል። ሽታው አፍንጫዬን ሲመታኝ ራዲዮውን መልሼ አስቀመጥኩት።

«ምነው፣ ፊትሽ ተለዋወጠ?» አለችኝ እህቴ።

«ተናድጄ ነው።»

«በማን?»

«በአምስተኛ ክፍል የእንግሊዝኛ አስተማሪዬ።»

ሳቀች። «ስንት ዘመን ያለፈውን ነገር!» አለች። እሷ ያኔ አልተወለደችም፤ መሳቅ ትችላለች። እኔ ግን አንዳንድ ንዴት ማርጀት የለበትም ባይ ነኝ። ያለ አግባብ የተሳቀብኝን ቀን እኔ ከረሳሁት ማን ሊያስታውሰው ነው?

በጃንሆይ ጊዜ የእኛ ትምህርት ቤት ሰሌዳ የሚጠቁረው በባትሪ ድንጋይ ነበር። ዓርብ ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ ከነጋዴዎች ደጃፍ የለቀምናቸውን የሞቱ ባትሪዎች እንሰብርና ጥቁሩን አውጥተን እንወቅጠዋለን። ከዚያ በዱባ ቅጠል ጭማቂ ለውሰን በጨርቅ እንቀባለን። ሥራው የሴቶች ነበር፤ ለምን የሴቶች እንደሆነ ብጠይቅም የመለሰልኝ የለም። እኔ ግን ወድጄው ነበር። እጄ እስከ እሑድ ድረስ እንደጠቆረ ይቆይና ቤተ ክርስቲያን ስሳለም ነጠላዬ ውስጥ እደብቀዋለሁ። አባቴ አንድ ቀን አዩትና፣ «አትደብቂው። እኔም ቀለም የምበጠብጠው ከጥላሸት ነው። ለፊደል የጠቆረ እጅ አያሳፍርም» አሉኝ።

አባቴ ቄስ ምህረቱ ይባላሉ። ከከተማው ወጣ ብሎ ጉብታው ላይ ባለችው ማርያም ይቀድሱ ነበር። ቀጭን፣ ረጅም፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሰው ነበሩ። በቤታችን አባቴን «አንተ» የሚላቸው አልነበረም። ልጆቹ «አንቱ» እንላቸዋለን፣ እናቴም «አንቱ» ትላቸዋለች። እናቴን ግን ሁላችንም «አንቺ» ነበር የምንላት፤ ያም ራሱን የቻለ ሌላ ንዴት ነው፣ ለዛሬ ይቆይ። ሕፃን ሳለሁ አክብሮቱ ለእሳቸው ብቻ ሳይሆን የእሳቸው ለሆነው ሁሉ ይመስለኝ ነበርና በቅሏቸው ከመስክ ስትመለስ፣ «እማ፣ በቅሎዋ መጡ!» ብዬ እጮሃለሁ። አባቴ በሳቅ ይፈርሳሉ። እናቴ፣ «ተዪ አንቺ ልጅ፣ በቅሎዋ ትኮራና መጫን እምቢ ትላለች» ትለኛለች።

እንግዲህ ከእንዲህ ያለ ቤት ወጥቼ ነው አቶ ዳንኤል ክፍል የገባሁት።

አቶ ዳንኤል በዚያው ዓመት ከአዲስ አበባ የመጣ ወጣት አስተማሪ ነበር። ከኮረም ወዲህ በበቅሎ ነው የመጣው፤ በቅሎ ላይ ሲቀመጥ የመጀመሪያው ስለነበረ ሲወርድ መቆም አቅቶት ሁለት ሰው ደገፈው። ያን ቀን ከተማው ስቆበታል መሰለኝ፣ ዓመቱን ሙሉ ሳቁን ሲመልስልን ከረመ። በእኛ አገር አስተማሪ አንቱ ይባላል። እኔ ግን እዚህ ጽሑፍ ላይ «መጣ፣ ሄደ፣ አለ» የምለው ሆን ብዬ ነው። ክፉ ሰው አልነበረም የሚሉኝ አሉ። ክፉ ነበር አላልኩም። ቀልደኛ ነበር፤ አንዲት ቀልድ ካማረችው በማን ጀርባ ላይ እንደምታልፍ አይመለከትም።

እንግሊዝኛ ሲያስተምረን ሰሌዳውን ለሁለት ከፍሎ በአንዱ ወገን «ኢዝ»፣ በሌላው «አር» ብሎ ጻፈ። «ኢዝ ለአንድ፣ አር ለብዙ። አለቀ» አለ። እኔ ይህን ስሰማ ደስ አለኝ። የአማርኛው «ነው» እና «ናቸው» ማለት ነዋ! «ናቸው» ደግሞ ለብዙም ይሆናል፣ ለአንቱም ይሆናል። ስለዚህ «አር»ም ለብዙ እና ለአንቱ ነው ብዬ ደመደምኩ። ማንም አልነገረኝም፣ በራሴ ነው የደረስኩበት፤ በብልህነቴም ኮርቼ ነበር። ፈረንጅ አባቱን «አንተ» ይላል ብሎ ማን ያስባል?

ቀጥሎ ማወዳደሪያ ቃላት መጡ። «ጉድ፣ ቤተር፣ ቤስት» እያልን በዜማ እናወርደዋለን። ቤት ስደርስም እየደጋገምኩ ሳለ እናቴ ሰማችኝ።

«ምን ጉድ መጣ ደግሞ?» አለች።

«ጉድ ማለት ደግ ማለት ነው፣ እማ። በእንግሊዝኛ።»

«ፈረንጅ ደግ ነገር ሲያይ ‹ጉድ› ይላል? እኛ ጉድ የምንለውን ሲያይስ ምን ሊል ነው?»

«ባድ፣ ወርስ፣ ወርስት።»

«ማንን ነው የሚወርሰው?» አለችና ሥራዋን ቀጠለች።

አቶ ዳንኤል ማወዳደሪያውን የሚያስተምረን በእኛው በልጆቹ ነበር። ሁለት ልጅ ጎን ለጎን ያቆምና «ቶለር፣ ሾርተር፣ ዳርከር» ያሰኘናል። ከእኛው አካባቢ ዝቋላ መጥታ ከተማ ዘመድ ቤት የምትኖር ብርቄ የምትባል ጓደኛ ነበረችኝ። ኽምጣኛ ነው አፏን የፈታችበት፤ አማርኛው ገና ይይዛት ነበር። እሷን ከአንድ የነጋዴ ልጅ ጎን አቁሞ ቀሚሷን በጠመኔው እያመለከተ «ፑረር»፣ ይበልጥ ድሃ፣ አሰኝቶናል። ይህን ስጽፍ እንኳ ደሜ ይፈላል። በእኛ አገር እንዲህ ጎን ለጎን ቆሞ የሚወዳደር በሬ ነው፣ እሱም ገበያ ላይ። ሰው እንዲህ አይደረግም።

የእኔ ተራ የደረሰው ከፋሲካ በኋላ ለዓመቱ ፈተና ስንዘጋጅ ነው። እያስነሳ ባዶ ቦታ ያስሞላን ነበር። «ስንዱ!» ብሎ ጠራኝና ሰሌዳውን አሳየኝ። «ማይ ፋዘር» ይላል፣ ቀጥሎ ባዶ ቦታ፣ ቀጥሎ «ኤ ፕሪስት»። አባቴ ቄስ መሆናቸውን ያውቃል፤ ለእኔ ብሎ የጻፈው ነበር።

«ማይ ፋዘር አር ኤ ፕሪስት» አልኩ፣ እጄን አጣምሬ፣ አንገቴንም ትንሽ ዝቅ አድርጌ።

«አር?»

«አዎ ቲቸር፣ አር።»

ወደ ክፍሉ ዞረ። ሁሉም እንዲገባው ነው መሰለኝ በአማርኛ፣ «ስንት አባት ነው ያለሽ?» አለኝ።

ሌላ አገር ይህ ቀልድ ይሆናል። በእኛ አገር «ስንት አባት አለህ» የተባለ ሰው ዱላ ያነሳል፤ ስድቡ ለእናት ነውና። የቄስ ልጅ ሲሆን ደግሞ ከስድብም ያልፋል። ቄስ ሚስቱን በቁርባን ያገባል። የሚስቱ ስም ከጠፋ ክህነቱም አብሮ ይጠየቃል፤ መቅደስ መግባት ይቀርበታል። ይህን ክፍል ውስጥ ያለ ልጅ ሁሉ ያውቃል። እኔም አውቃለሁ፤ ግን በዚያች ሰዓት ስለ ስድብ አላሰብኩም። አስተማሪ ጠይቆኛል፣ እኔም እየቆጠርኩ ነው።

«ሁለት» አልኩ።

አንዱ አባቴ ናቸው። ሁለተኛው የነፍስ አባታችን አባ ገብረ ሥላሴ ናቸው። በእኛ ቤት የነፍስ አባት ማለት የአፍ ማዕረግ አይደለም። አባ ገብረ ሥላሴ ሲመጡ አባቴ ራሳቸው ተነስተው ወንበር ይለቃሉ፣ «አባቴ» ይሏቸዋል፣ ጉልበታቸውን ይስማሉ። አባት ሲቆጠር እሳቸውን መዝለል ለእኔ ኃጢአት ነበር።

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። አቶ ዳንኤል ጠረጴዛውን ተደግፎ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። «ሁለተኛው ማነው?» ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው እንኳ የለም! ይህ ነው እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ። በአንዲት ቃል የሚያልቅ ነገር ነበር።

«እንግዲያውስ ማወዳደር እንችላለን!» አለና ጠመኔውን አነሳ። እኔ ራሴ ባጠቆርኩት ሰሌዳ ላይ፣ ደማቅ አድርጎ፣ «የመጀመሪያ አባቷ ከሁለተኛ አባቷ» የሚል የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ጻፈ። ማወዳደሪያውን ባዶ ተወውና ከጎኑ «ቶል» ብሎ አኖረ። «ሙዪው» አለኝ።

እኔ ጎበዝ ተማሪ ነኝ፣ ሞላሁት። አባ ገብረ ሥላሴ በእርጅና ጎብጠዋል፤ አባቴ ደግሞ ረጅም ናቸው። «ማይ ፋዘር አር ቶለር ዛን አባ» አልኩ።

«ሁለተኛውም ‹አባ› ነው!» ብሎ ጮኸ አቶ ዳንኤል፤ ሳቁ እንደገና ተነሳ። ዓረፍተ ነገሩን ሳያጠፋው ወጣ፣ ለክለሳ ይጠቅማችኋል ብሎ።

ያልሳቀች ብርቄ ብቻ ነበረች። ቀልዱ አልገባትም። ወደ ቤት ስንሄድ «ለምን ነው የሳቁ?» ብላ ጠየቀችኝ፤ እኔም አላውቅም ነበር። ከኋላችን የነጋዴው ልጅ «ባለ ሁለት አባት!» እያለ ሲከተለን እኔም ገባኝ፣ እሷም ገባት። ብርቄ ተመልሳ በጥፊ አለችው። ዓርብ ሲደርስ ሰሌዳውን ደራርቤ ቀባሁት። ጨርቁ እስኪበጣጠስ ነው ያሸሁት። ግን ምን ያደርጋል፣ ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

ወሬው እናቴን ያገኛት ምንጭ ወርዳ ነው። አንዲት ሴት እንስራዋን እየሞላች፣ «ልጅሽ እንግሊዝኛ አወቀች አሉ። በአማርኛ የተደበቀውን በእንግሊዝኛ አወጣችው አሉ» አለቻት። እናቴ ግማሽ በሞላ እንስራ ተመለሰች። እናቴ ስትናደድ ወደ ኽምጣኛ ትሻገራለች፤ ያን ቀን ለረጅም ጊዜ ወደ አማርኛ አልተመለሰችም። ስትመለስ፣ «ምንድን ነው ያልሽው?» አለችኝ። ነገርኳት። አባ ገብረ ሥላሴን ስጠራ ሳቅ ያዛት፣ ከዚያ ሳቁ በመሐል ተቋረጠና በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች።

«ይህን ለማን ብዬ ላስረዳ?» አለች። «አንድ በአንድ ቤት እያንኳኳሁ ልናገር?»

የግንቦት ልደታ ዋዜማ ገበዙ እኛ ቤት መጡ። ገበዙ የቤተ ክርስቲያኑ ኃላፊ ናቸው፤ ሲመጡ ሁልጊዜ ተቀምጠው የቀረበውን ይቀምሳሉ። ያን ቀን አልተቀመጡም።

«ቄስ ምህረቱ፣ የሚወራውን ሰምተዋል። ነገሩ እስኪጣራ ድረስ ለልደታ አይግቡ» አሉ።

«እሺ» አሉ አባቴ።

እሺ! ይቺ «እሺ» ከአቶ ዳንኤል ሳቅ ባልተናነሰ አንጨረጨረችኝ። ምነው አልተቆጡ? ምነው «ማን ነው ያለው?» ብለው አልጠየቁ? በማግሥቱ ማርያም በንግሥ ቀኗ በሕዝብ ተጨናንቃ፣ ቀሳውስቱ ጥንግ ድርብ ለብሰው ሲገቡ፣ አባቴ ከውጭ ወይራው ሥር መቋሚያቸውን ተደግፈው ቆሙ። ሰው እያያቸው ያልፋል። የእሳቸው ድምፅ የሚገባበት የቅዳሴው ክፍል ሲደርስ ከንፈራቸው ብቻ ይንቀሳቀስ ነበር። እናቴ አዲስ ቀሚሷን ለብሳ፣ ቀና ብላ፣ በሴቶቹ መሐል ሰንጥቃ ገብታ ከፊት ቆመች።

ቤት ስንመለስ እናቴ በሩን ዘጋች።

«እኔን አይጠይቁኝም?» አለቻቸው። «አገር ጠይቋል። አንቱ ብቻ ነዎት ያልጠየቁኝ።»

«ከጠየቅሁሽማ ተጠራጥሬሻለሁ ማለት ነው» አሉ አባቴ።

እናቴ ቀስ ብላ ሄዳ ጫማቸውን አወለቀችላቸው። እኔም ያን ጊዜ ያቺ የአባቴ «እሺ» ትንሽ ገባችኝ፣ ሙሉ በሙሉ ግን ይቅር አላልኳትም።

በማግሥቱ አቶ ዳንኤልን ከክፍል ሲወጣ ጠበቅሁት። «ቲቸር፣ ለገበዙ ይንገሩልኝ። አባቴ መቅደስ ተከለከሉ» አልኩት። ለእሱ እንኳ «ይንገሩልኝ» አልኩ፣ እዩልኝ!

«ቀልድ እኮ ነው» አለኝ። «እናንተ አገር ቀልድ አይገባችሁም?»

ይህን ለእናቴ ስነግራት ነጠላዋን አጣፋችና ትምህርት ቤት ሄደች። የቄስ ሚስት ግቢ ውስጥ ገብታ ስትጮህ ያየ ተማሪ ሁሉ በመስኮት ወጣ። «ልጄን ስንት አባት አላት ያልካት አንተ ነህ?» አለችው። ሌላውን በኽምጣኛ ነው የጨረሰችለት፤ ብርቄ ስትሰማ አፏን በእጇ ያዘች፣ ስለምናት ግን እስከ መጨረሻው አልተረጎመችልኝም። ዲሬክተሩ ሮጠው መጡ። አዛውንት ነበሩ፣ የነገሩ ክብደት ወዲያው ገባቸው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ደጀ ሰላም ሽማግሌ እንዲቀመጥ፣ አቶ ዳንኤልም እንዲገኝ አደረጉ።

ቅዳሜ ዕለት ቢሯቸው አስጠሩኝ። «ከተጠየቅሽ እንዲህ በይ፦ ‹ማይ ፋዘር ኢዝ ዋን›። አለቀ። ሌላ ቃል አትጨምሪ» አሉኝ።

«‹ኢዝ›? ‹ኢዝ› ‹ነው› ማለት አይደለም?»

«ነው።»

«ለአባቴ?»

«እንግሊዝኛ አንቱ የለውም፣ ልጄ» አሉኝ።

አንቱ የሌለው ቋንቋ! ለወለዱትም ለሚቀድሱትም ለጎረምሳውም አንድ ዓይነት! ይህን ዓመት ሙሉ ሳይነግረን የሳቀብን ሰው ላይ ያን ጊዜ ነው በደንብ የተናደድኩት። እሑድ ጠዋት እናቴ ፀጉሬን እየሠራች፣ «ያሉሽን በይ፣ አባትሽን አስገቢልን» አለችኝ። መንገዱን ሁሉ «ኢዝ፣ ኢዝ፣ ኢዝ» እያልኩ ሄድኩ።

ሽማግሌዎቹ የግንቡን ጥላ ይዘው ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ገበዙ መሐል ናቸው። አቶ ዳንኤል ፀጉሩን አበጥሮ ቆሟል። አባቴ ራቅ ብለው መቋሚያቸውን ተደግፈዋል። አባ ገብረ ሥላሴንም በሰው ትከሻ አምጥተዋቸዋል።

«ሁለተኛ አባት ያልሽው ማንን ነው?» አሉኝ ገበዙ።

«አባ ገብረ ሥላሴን። የነፍስ አባታችንን።»

«ይህን እቤት አስጠንተዋታል» አሉ አንዱ ሽማግሌ። «ቃል የመጀመሪያው ነው። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም።»

ገበዙ ወደ አባ ገብረ ሥላሴ ጎንበስ ብለው፣ ጆሯቸው ስለማይሰማ ጮክ ብለው፣ «አባታችን፣ ይህች ልጅ ልጅዎ ናት?» አሏቸው።

አባ ገብረ ሥላሴ ፊታቸው በራ። «ልጄ ናት እንጂ! እንዴታ!» አሉ፤ እጃቸውን ዘርግተውም ባረኩኝ።

ሰው ሁሉ መሬት መሬት አየ። ገበዙ ሳል ያዛቸው። እናቴ ከሴቶቹ በኩል «እመ ብርሃን!» ስትል ሰማኋት። ገበዙ ሳላቸው ሲተዋቸው፣ «እንግዲህ ነገሩ የተበላሸው በእንግሊዝኛ ነው። በእንግሊዝኛው ይቃና። ልጅቷ በዚያ ቋንቋ ስለ አባቷ ትናገር፣ መምህሩ ይተርጉም» አሉ። ወደ አቶ ዳንኤልም ዞረው፣ «አንተም በማርያም ደጅ ነው የቆምከው። ሳትጨምር፣ ሳትቀንስ» አሉት።

መሐል ላይ ቆምኩ። «ኢዝ» ምላሴ ጫፍ ላይ ነበረች። «ማይ ፋዘር» ስል አባቴ ቀና አሉ። «ፋዘር» የምትለዋን ቃል እኔው ነኝ ያስተማርኳቸው። ስለ እሳቸው እየተናገርኩ መሆኑን አውቀዋል። እያዩኝ «ነው» ልበላቸው? በዚያ ሁሉ ሰው ፊት?

«ማይ ፋዘር አር ዋን» አልኩ።

ዲሬክተሩ እጃቸውን ግንባራቸው ላይ ጣሉ። እኔ አባቴን ለዘላለም ወይራው ሥር ያስቀረኋቸው መሰለኝ።

«ምን አለች?» አሉ ገበዙ።

አቶ ዳንኤል ወደ እኔ አየ። ያች ሳቁ ከአንድ ወገን ከንፈሩ ስትጀምር አየኋት፤ አውቃታለሁ፣ ክፍል ውስጥ ሁልጊዜ ከዚያ ነው የምትጀምረው። ከዚያ ጥምጥም የጠመጠሙትን ሽማግሌዎች አየ፤ አባቴን አየ። ሳቋ ጠፋች።

«‹አባቴ አንድ ናቸው› ነው ያለችው» አለ።

ሌላ ምን ሊል ይችል ነበር? እዚያ ደጅ፣ እነዚያ ሽማግሌዎች ፊት፣ ቄስ ምህረቱ እየሰሙት «አባቴ አንድ ነው አለች» ብሎ የሚተረጉም አማርኛ ተናጋሪ አልተፈጠረም። በደግነት ነው የሚሉ አሉ። እኔ ቋንቋው አስገድዶት ነው እላለሁ፣ ምስጋናዬንም ለአማርኛ ነው የምሰጠው።

«አንድ ናቸው?» አሉ ገበዙ።

«አንድ ናቸው።»

«ታዲያ አንድ ከሆኑ ስንጨቃጨቅ የከረምነው በምን ነበር?» አሉና ተነሱ። «ቄስ ምህረቱ፣ ይግቡ።»

አባቴ መቃኑን ተሳልመው ገቡ። ሰው እልል አለ። እልል ካሉት ውስጥ ያቺ የምንጯ ሴት ነበረችበት። እናቴን ይቅርታ የጠየቃት አንድም ሰው የለም፤ ገበዙም፣ ሽማግሌዎቹም፣ አቶ ዳንኤልም። ነገሩ የአባቴ ነገር ሆኖ ተጀመረ፣ የአባቴ ነገር ሆኖ አለቀ። እሷ ነጠላዋን አስተካክላ ወደ ቤት ቀደመችን።

ሰኔ ላይ ፈተናው መጣ። አቶ ዳንኤል ከዚያ ወዲህ አያነጋግረኝም፣ አያይኝምም። የጥያቄ ወረቀቱ በእጃችን ሲደርስ «ማይ ፋዘር» የምትለዋን አገኘኋት፤ «ኢዝ ወይስ አር» ትላለች። ማወዳደሪያዎቹን ሁሉ ሠራሁ፣ አንድ አልሳትኩም። ወደዚያች ስመለስ እስክርቢቶዬን ይዤ ቆየሁ። አሁንማ አውቃለሁ፤ ዲሬክተሩ ነግረውኛል። «ኢዝ» ብዬ ብጽፍ ማንም አይሰማም፣ አባቴም አያነቡት። ግን የማርያም ደጅ ላይ «ናቸው» ያለ ሰው ነው የሚያርመው። ካፉ ያወጣውን ይክዳል ወይ? አየዋለሁ አልኩና «አር» ብዬ ጻፍኩ።

ካደ። ወረቀቱ ሲመለስ ሌላው ሁሉ ትክክል ነው፤ ያቺ ግን በቀይ ቀለም፣ ከዳር እስከ ዳር፣ በትልቅ ኤክስ ተሰርዛለች። በማርያም ፊት ትክክል የነበረችው ቃል አንድ ወር ሳይቆይ ስህተት ሆነች። ከተሳቀብኝ ቀን ይልቅ ያን ቀን ነው ያለቀስኩት፤ ከንዴት የተነሳ።

አባቴ ደጅ ላይ ተቀምጠው ነበር። «እስቲ አምጪው» አሉኝ። ወረቀቱን በሁለት እጃቸው ተቀብለው እንግሊዝኛውን ባያነቡም መስመር በመስመር በጣታቸው ተከተሉት። ቀዩዋ ምልክት ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ።

«ይህ መስቀል ያረፈበት ምን ይላል?» አሉኝ።

«ስለ አንቱ ነው» አልኩ።

«ስለ እኔ?»

«አዎ። ‹አባቴ ናቸው› የሚል ነው።»

አስጠግተው አዩት። ከዚያ ፊታቸው በዝግታ ተፈታ። «መምህሩ መስቀል አኖረበት!» አሉ። «እኔ ደግሞ ተቀይሞን ቀረ እያልኩ አዝን ነበር። ታርቆናል።»

ስህተት ማለት ነው ልላቸው አፌን ከፈትኩ። እሳቸው ግን ወረቀቱን ከፍ አድርገው ግንባራቸውን አስነኩት፣ ቀዩን ምልክትም ሳሙት፤ ከዚያ ወደ እኔ ዘረጉት።

«ነይ፣ አንቺም ተሳለሚ» አሉኝ።

ጥርሴን ነክሼ ተሳለምኩ።